«ጅብ ወለደች»፦ ልጆችን ስለማሞኘት የሚባለውና የተጠናው

ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሲያካፋ «ጅብ ወለደች» ይባላል። የሎሚ ፍሬ የዋጠ ልጅ ሆዱ ውስጥ ዛፍ እንደሚበቅልበት ይነገረዋል። ከአዋቂ ወሬ ገለል እንዲል የተፈለገው ደግሞ ጎረቤት ሄዶ «ማቆያ» እንዲያመጣ ይላካል። አልተኛም ያለው «አያ ጅቦ መጣልህ» ይባላል። እነዚህ ሁሉ እውነት ያልሆነን ነገር ለሚያምን ልጅ መንገር ናቸው፤ የሚመሳሰሉት ግን በዚሁ ብቻ ነው። አንዱ ጨዋታ ነው፣ አንዱ ማሳሰቢያ፣ አንዱ ዘዴ፣ አንዱ ማስፈራሪያ። ስለ ጉዳዩ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የማይቋጨው አራቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ፍርድ ለመዳኘት ስለሚሞክር ነው።

ይህ ዳሰሳ ምሳሌዎቹን የሚወስደው በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በስፋት ከሚነገሩት ነው፤ በተለይም ማጀቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬንና ሸዋ ሮቢትን የያዘውን የይፋት ቆላ በዓይኑ ይዞ። ይፋት ከመንዝ ደጋ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አፋር ሜዳ የሚወርድ አገር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ሆነው ልጅ ያሳድጋሉ። ስለዚህ ልጅን በውሸት ማባበል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ እዚያ ከአንድ በላይ በሆነ የሃይማኖትና የባህል ሚዛን ይመዘናል።

የማሞኛ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት የተፈጥሮ ማብራሪያ የሚመስል ነው። «ጅብ ወለደች» የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ፊንላንዳዊው የፎክሎር ተመራማሪ ማቲ ኩሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ በፀሐይ ስለሚዘንብ ዝናብ በዓለም ዙሪያ የሚባለውን ሰብስበው አነጻጽረዋል። በጃፓን ቀበሮ ትዳራለች፤ በደቡብ አፍሪካ የጦጣ ሰርግ ነው ይባላል። በኢትዮጵያ ግን ሰርጉ ቀርቶ ወሊድ ሆኗል፣ ባለቤቷም ጅብ ናት። ጅብ በይፋት የተረት እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ድምፁ የሚሰማ፣ ፍየል የሚነጥቅ እውነተኛ አውሬ ነው። ልጁ በጅብ መኖር አይጠራጠርም፤ የተጨመረለት ወሬ የሚቀመጠውም በዚሁ በሚያውቀው እውነት ላይ ነው።

ቀስተ ደመናን «የማርያም መቀነት» ማለት ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። እሱ ስም ነው፤ አዋቂውም ልጁም በአንድ ስም ይጠሩታል፣ ማንም ማንንም አላሞኘም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለጠቅላላው ጉዳይ ይጠቅማል። ማሞኛ የሚሆነው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ትእዛዝን በተአምር ያጅባል። ቆሞ የሚበላ ልጅ ምግቡ እግሩ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማስቲካ የዋጠ አንጀቱ እንደሚጣበቅ፣ ማታ የሚያፏጭ እባብ ወይም ሰይጣን እንደሚጠራ ይነገረዋል። የተኛን ሕፃን የተሻገረ ደግሞ «ዕድገቱን ታቆመዋለህ» ይባላል። አብዛኞቹ ከበስተጀርባቸው የሚጨበጥ ምክንያት አላቸው፤ ተቀምጦ መብላት ሥርዓት ነው፣ ሕፃንን መሻገር ሊያስረግጥ ይችላል፣ ፍሬ ሊያንቅ ይችላል። ምክንያቱን ለሦስት ዓመት ልጅ ከማስረዳት ይልቅ ሆድ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ መሳል ይቀላል። ማንጎና ፓፓያ በሚበቅልበት በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ይህ ወሬ ለልጁ ሩቅ አይደለም፤ ፍሬ አፈር ሲነካ ምን እንደሚሆን በየጓሮው ያየዋል። ከዚህ ተነሥቶ ሆዱም እንደ አፈር እንደሚያበቅል ቢያስብ፣ ያሰበው በሚያውቀው ልክ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ጥበብ ያለበት ነው፤ በከንቱ መላክ። እናት ወይም አክስት ከእንግዳ ጋር ለብቻ መነጋገር ስትፈልግ ልጁን ጠርታ «እነ እትዬ ዘንድ ሂድና ማቆያ ስጡኝ በል» ትለዋለች። ጎረቤቲቱ ቃሉን እንደሰማች ነገሩ ይገባታል። «ቆይ፣ እስክፈልገው ቁጭ በል» ብላ ቆሎ ትዘግንለታለች፤ ልጁ ማቆያው እስኪገኝ ይጠብቃል። ማቆያው ራሱ ጥበቃው መሆኑን የሚረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። በብሪታንያ ጀማሪ ሠራተኛን «የግራ እጅ መፍቻ» አምጣ ብሎ መላክ የታወቀ ነው። እዚያ ግን ተላኪው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይሳቅበታል። በማቆያ ጊዜ ልጁ ይጠበቃል፣ ይመገባል፣ ጎረቤቲቱም እንደ እናቱ ኃላፊነት ትወስዳለች። ለቀልድ የተፈጠረ የሚመስለው ነገር በውስጡ የጉርብትና ውል አለው።

ከመላክ ጋር የሚሄደው ምራቅ እንትፍ ብሎ «ሳይደርቅ ተመለስ» ማለት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መካከል ይወድቃል። ውሸት ለማለት ያስቸግራል፤ ሰዓት በሌለበት ሰዓት ነው። ልጁ የሚሮጠው ግን ምራቁ ቢደርቅ አንድ ነገር ይመጣል ብሎ ስለሚያምን ነው።

አራተኛው ማስፈራሪያ ነው፤ አያ ጅቦ፣ ጭራቅ፣ በከተማ ደግሞ ጆንያ ይዞ የሚዞረው ቆራሌው፣ መርፌ የሚወጋው ሐኪም። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን፤ ከባዱ ክርክር ያለው እሱ ላይ ነው።

ልጆች ራሳቸው ለታናናሾቻቸው የሚነግሩትም አለ። «አንተኮ ወንዝ ዳር ተጥለህ ነው የተገኘኸው» የሚለው የታላቅ ወንድም ወሬ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከግርፊያ ለመዳን መንገድ ላይ ሣር መቋጠርም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግሊዛውያኑ አዮናና ፒተር ኦፒ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት የተማሪ ልጆች ሥነ ቃል መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለው እውቀት ከአዋቂ ሳይሆን በቀጥታ ከልጅ ወደ ልጅ ሲወርድ መቆየቱን አሳይተዋል። ለእረኛ ልጅና የማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ለሚጠብቅ ልጅ ይህ የበለጠ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እኩዮቹ ናቸውና።

ተረት፣ ቀደዳና ውሸት

ተረት ውሸት አይባልም። «ተረት ተረት» ሲባል አድማጩ መልሱን ይሰጣል፤ ሲያልቅም ተራኪው ዳቦ ጠይቆ ይዘጋል። መክፈቻውና መዝጊያው አጥር ናቸው፤ ከውስጥ ያለው ሁሉ እንደ እውነት እንዳይያዝ ሁለቱም ወገን ተስማምተዋል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ሲያወሩ የኖሩት በዚሁ አጥር ውስጥ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ውሸት ነገሩን ብሎ የከሰሳቸው አልነበረም።

ቀደዳ ከዚህ ይለያል። ቀዳጁ መክፈቻ አይናገርም፤ በቀጥታ እንደ ወሬ ይጀምርና ቀስ በቀስ እያጋነነ አድማጩ የሚነቃበትን ቦታ ይፈትናል። የዓለም ተረቶችን የሚመድበው የአርነ፣ የቶምፕሰንና የኡተር ማውጫ ለእንዲህ ያሉ ትረካዎች ከ1875 እስከ 1999 ያሉትን ቁጥሮች ሰጥቷል፤ አድማጭን ጥያቄ አስጠይቀው ለሚያጠምዱት ደግሞ ከ2200 ጀምሮ ያሉትን። አዋቂ ለአዋቂ ሲቀድ ውድድር ነው። ለልጅ ሲቀደድ ግን ተወዳዳሪዎቹ እኩል አይደሉም፣ የሥነ ምግባሩ ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የአማርኛ ተረት ይህን አለመመጣጠን ዘንግቶት አያውቅም። ማሞ ቂሎ የተባለውን እንደወረደ የሚያምንና የሚፈጽም ልጅ ነው። እናቱ ያለችውን ቃል በቃል ይፈጽማል፣ ነገሩም ይበላሻል። ሳቁ በሞኝነቱ ላይ ይመስላል፤ ነገር ግን ተረቱን የሚሰማው ልጅ ከማሞ ቂሎ አንድ እርምጃ ቀድሞ ያውቃል። ሲሞኝ የኖረው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያውቁት ወገን ይቆማል። በሌላው ጫፍ አለቃ ገብረ ሐና አሉ፤ የእሳቸው ቀልድ የሚያሞኘው ሹምንና ባለጠጋን ነው። በሁለቱ መካከል ሕዝቡ ማሞኘትን በማን ላይ ሲሆን እንደሚወድ ማየት ይቻላል።

ዶናልድ ሌቪን ከይፋት በላይ ባለው በመንዝ ኖረው ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» መጽሐፍ፣ በአማራ ባህል የንግግር ድርብነት ምን ያህል እንደሚወደድና ልጅ ከሁሉ በፊት መታዘዝን እንደሚማር ጽፈዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። ልጁ የታላቁን ቃል አይጠይቅም፤ ታላቁ ደግሞ ቃሉን ድርብ ያደርጋል። ማሞኛ የሚመቸው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሌቪን ከመጠን በላይ አጠቃለዋል የሚሉ አሉ፣ ትችቱም ተገቢ ነው፤ በዚህ ነጥብ ግን ያዩት ነገር ከማቆያው ጨዋታ ጋር ይገጥማል።

የጥንት ፈራጆች

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ፣ እናቶች አማልክት በሌሊት መልካቸውን ለውጠው ይዞራሉ እያሉ ልጆችን እንዳያስፈራሩ ይከለክላል፤ ሆኖም በሦስተኛው መጽሐፍ ለከተማው ሰላም ሲባል አንድ «ክቡር ውሸት» ይፈቅዳል። ልጅን በፍርሃት ማሳደግን ነቅፎ በውሸት ማሳደግን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ውሸት ሲጽፍ ቀልድን ከውሸት አውጥቶታል፤ የተናጋሪው ድምፅና ሁኔታ ማታለል እንዳልፈለገ ይናገራልና። ይህ ለአዋቂ ይሠራል። ድምፁን ገና ማንበብ ለማይችል ሕፃን ግን ይሠራል ወይ የሚለውን ሳይነካው አልፏል።

በእስልምና በኩል ሁለት ሐዲሶች በቀጥታ ይመለከቱታል፤ ሁለቱም በአቡ ዳውድ መድበል ይገኛሉ። በአንደኛው አንዲት እናት ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጪው ነው ብለው ይጠይቋታል። ቴምር ስትል፣ ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ይጻፍብሽ ነበር ይሏታል። በሁለተኛው ሰውን ለማሳቅ ሲል የሚዋሽ ይወገዛል። በይፋት ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ እነዚህን የሚያውቅ ወላጅ ለማባበያ ቃል መግባትን እንደ ቀላል አያየውም። በክርስቲያኑም ወገን ሐሰት ኃጢአት ነው፤ የጳውሎስ መልእክትም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ይመክራል። የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች ግን በዕለት ኑሮ ጅብ ወለደች ይላሉ። ሕዝቡ ሳያውጅ የለየው ነገር አለ ማለት ነው፤ ልጅን ጥቅሙን የሚነጥቅ ውሸትን ከጨዋታው ለይቷል።

በአውሮፓ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1693 አገልጋዮች ልጆችን በጭራቅ ወሬ ማስፈራራታቸውን አጥብቆ ነቅፏል፤ በልጅነት የገባ የጨለማ ፍርሃት እስከ እርጅና አይወጣም ብሎ ነበር። ሩሶ በ1762 «ኤሚል» ላይ ከዚያም አልፎ ለልጅ የእንስሳት ተረት እንኳ እንዳይሰጥ ተከራክሯል። ይህን ምክር የኢትዮጵያ አያት ትቀበለዋለች ብሎ ማሰብ አይቻልም፣ መቀበልም አልነበረባትም፤ ሩሶ ተረትን ከማታለል ጋር ደባልቆታል።

ልጅ ለምን ያምናል?

ልጅ የሚያምነው ሞኝ ስለሆነ ነው የሚለው አስተሳሰብ በጥናት አልጸናም። ቪክራም ጃስዋልና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ አንድ አዋቂ ለሦስት ዓመት ልጆች ዕቃው ያለበትን ቦታ ደጋግሞ ሐሰት ነገራቸው። ልጆቹ እየተሳሳቱም በቃሉ ማመናቸውን ቀጠሉ። ያው ሐሰት በቃል ሳይሆን በቀስት ምልክት ሲቀርብ ግን ቶሎ ነቁ። የሚያምኑት ማንኛውንም መረጃ ሳይሆን የሰውን ቃል ነው። ቋንቋን፣ መርዛማ ቅጠልን፣ የእባብን ጉድጓድ ከሰው ቃል ለሚማር ፍጥረት ይህ ጉድለት ሳይሆን የመኖሪያ ዘዴ ነው።

ዣክሊን ዉሊና ባልደረቦቿ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዲት ከረሜላ ወስዳ በምትኩ መጫወቻ የምትተው «ጠንቋይ» ራሳቸው ፈጥረው ለሕፃናት አስተዋወቁ። በወላጆች ትብብር በሌሊት መጫወቻ የተተወላቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ አመኑ፤ ከዓመት በኋላም እምነቱ አልጠፋም። ስለዚህ ማስረጃ የቀረበለት ልጅ ማመኑ ማሰብ አለመቻሉን አያሳይም። ያሰበው በቀረበለት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃውን ያዘጋጀው አዋቂ ነው። ማቆያ ተልኮ ሄዶ ጎረቤቲቱ ስትፈልግ ያየ ልጅም እንዲሁ ነው።

ሌላው ሰው የተሳሳተ እምነት ሊኖረው እንደሚችል መረዳት የሚጀምረው፣ ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፔርነር በ1983 እ.ኤ.አ. ከጀመሩት ሙከራ ወዲህ እንደታየው፣ አራት ዓመት አካባቢ ነው። ልጅ ሌላውን ማሞኘት የሚችለውና የሌላውን ማሞኘት የሚጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው።

የዛሬው ክርክር

«በውሸት ማሳደግ» የሚለው ርዕስ በሥነ ልቦና ራሱን ችሎ የወጣው ጌይል ሄይማንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጥናት በኋላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የቻይና ወላጆችን አነጻጽረው፣ ከአሜሪካውያኑ 84 በመቶ፣ ከቻይናውያኑ 98 በመቶ ልጆቻቸውን ለመቆጣጠር እንደሚዋሹ መናገራቸውን ዘገቡ። በብዛት የተጠቀሰው «ካልመጣህ ጥዬህ እሄዳለሁ» ነው፤ በአዲስ አበባ ታክሲ ተራም በአጣዬ ገበያም ያለ ማብራሪያ የሚታወቅ ዓይነት።

ተቃዋሚዎች ሁለት ማስረጃ ያቀርባሉ። ቼልሲ ሄይስና ሌስሊ ካርቨር በ2014 እ.ኤ.አ. ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 186 ልጆች ፈትነው፣ በአዋቂ የተዋሹት ለትምህርት የደረሱ ልጆች አትዩ የተባሉትን አጮልቀው የማየትና የመዋሸት ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ አገኙ። ትንንሾቹ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በ2020 እ.ኤ.አ. ፔፔ ሴቶህና ባልደረቦቿ ያጠኗቸው 379 የሲንጋፖር ወጣቶች ደግሞ በልጅነታቸው ብዙ ተዋሽተናል ያሉት፣ ለወላጆቻቸው የበለጠ እንደሚዋሹና ኑሮን መላመድ የበለጠ እንደሚቸግራቸው ተናግረዋል። ይህኛው በትዝታ ላይ የቆመ ስለሆነ ምክንያትና ውጤትን አይለይም፤ ከወላጁ ጋር የተጣላ ልጅ ውሸቱን አብዝቶ ያስታውሳል። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የተፈተነው ጥቅም ላይ የዋለ ሐሰት እንጂ ሳቅ አይደለም። ሁለቱንም «ጅብ ወለደች»ን ለማውገዝ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የገና አባትን ነው፤ ለኢትዮጵያ ከተሞች ከውጭ የመጣ እንግዳ ቢሆንም በምዕራቡ ዓለም ትልቁ የልጅ ማሞኛ እሱ ነው። ካርል አንደርሰንና ኖርማን ፕሬንቲስ በ1994 እ.ኤ.አ. እውነቱን ያወቁ 52 ልጆችን ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ በሰባት ዓመት ገደማ በራሳቸው እንደደረሱበትና ስሜታቸውም በብዛት መልካም እንደነበረ አገኙ። ያዘኑት ወላጆቹ ናቸው። ክርስቶፈር ቦይልና ካቲ ማኬይ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የረጅም ጊዜ ውሸት በወላጅ ላይ ያለውን እምነት ሊያናጋ እንደሚችል ጽፈዋል። ሚዛኑ ወደ ልጆቹ ቃል ቢያደላ ይሻላል፤ አንደኛው ልጆቹን ጠይቆ ያገኘው ነው፣ ሌላው ስጋት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መለያ የውሸቱ መጠን አይደለም። ማሞኛው መጨረሻ አለው ወይ፣ መጨረሻው ላይስ ልጁ ከሚስቁት ጋር ይቆማል ወይ የሚለው ነው። የማቆያው ልጅ አድጎ ታናሹን ማቆያ ይልካል። «ጅብ ወለደች» ያለውን ማንም ሳይክድ አንድ ቀን ዝም ብሎ ጨዋታ ይሆናል። መጋቢት 23 ቀን «ኤፕሪል ዘ ፉል» የሚጫወቱ ተማሪዎችም በዚያው ቀን ይገልጡታል። የተገለጠ ማሞኛ ልጁን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

መጨረሻ የሌለው ውሸት

ማስፈራሪያው በዚህ መለያ ሲታይ ይወድቃል፤ ሁሉም እኩል ባይወድቅም። አያ ጅቦ ቢያንስ ከእውነተኛ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ በጨለማ ከቤት የሚወጣ ልጅ በይፋት ጅብ ሊያገኘው ይችላል። ሐኪምን ማስፈሪያ ማድረግ ግን ልጁን ክትባቱ ከሚሰጥበት፣ ሲታመም ከሚድንበት ሰው ያርቀዋል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ሲያለቅስበት የሚያየው ሕፃን ብዙ ጊዜ እቤቱ ተሰልጥኖ የመጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው ውሸቱ በእውነተኛ ሰው ላይ ሲለጠፍ ነው። ቆራሌው አሮጌ ዕቃ ገዝቶ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው፤ በልጅ ዓይን ግን ሕፃን በጆንያ የሚከት ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲታሙ ወሬው ለልጅ የሚደርሰው በማስፈራሪያ መልክ ነው፣ አድጎም አይገለጥለትም፤ ታላላቆቹም ያምኑታልና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። አዋጁ አዋቂን ተናገረ፤ ወሬው ግን በምድጃ ዳር ለልጅ መነገሩ ቀጠለ። እዚህ ላይ «ለሳቅ ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ የሚከፍለው ሰው በሳቁ ውስጥ የለም።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ሁለት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። አንደኛው የጥናቶቹ ቦታ ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ቁጥሮች የአሜሪካ፣ የቻይናና የሲንጋፖር ናቸው። በእኩዮቹ መካከል የሚውል እረኛ ልጅ፣ አንድን ጉዳይ በሦስት ቋንቋ የሚሰማ የካራቆሬ ልጅ፣ ማሞኛን ቀድሞ ይነቃል ወይስ ዘግይቶ የሚለውን በእነሱ መመለስ አይቻልም። ሁለተኛው የእውነተኛነት ትምህርት ነው። ካንግ ሊና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ውሸታሙን እረኛ የሚቀጣው ተረት ልጆችን እውነት እንዲናገሩ አላደረገም፤ እውነት በመናገሩ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ ግን ረድቷል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚመረጡት ተረቶች ግን ቅጣቱን የሚያጎሉት ናቸው፤ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

እስከዚያው በይፋትም ሆነ በሌላ አካባቢ ያሉ መምህራንና የሥነ ቃል ተማሪዎች ተረቱንና ግጥሙን ሲሰበስቡ ማቆያውን፣ የምራቁን ሰዓት፣ የተቋጠረውን ሣርም ከነአነጋገራቸው፣ ማን ለማን በስንት ዓመቱ እንደነገረው ጭምር፣ ይመዝግቧቸው። ወላጆችም ቆራሌውንና ሐኪሙን ከማስፈራሪያቸው ያውጡ፤ ጅቧ ብትወልድ ማንንም አትጎዳም።